«ማደንዘዣው ካንሰሩን ይበትነዋል» ብለው እናቴን አስፈሯት!

  ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንቅልፍ ስለነሳኝ ሌላውን ሁሉ ለሳምንት አቆይቼ ስለሱ ላወጋችሁ ነው።

ጸሐፊዋ የገርጂ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 26። ስሟ ይቆየን። እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ናሙና ተወስዶ ካንሰር ነው ተባለ። ዶክተሩ ‹ገና አልተሰራጨም፣ ቶሎ ይውጣ› ብሎ ቀጠሮ ሰጠን። ታዲያ ቡና ላይ አንዷ ጎረቤታችን ‹ኧረ ብረት አታስነኪው፣ ይበተናል!› አለቻት። ይሄ ሳያንስ የአጎቴ ልጅ ‹ማደንዘዣው ራሱ ካንሰር ያሰራጫል የሚል ጥናት አንብቤያለሁ› አለ። እማዬ ሁለት ቀጠሮ አሳለፈች። ምን ልበላት?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ጉርድ ሾላ ነበር የምትኖረው። እሷም «ብረት» ፈርታ እብጠቷን ለማንም ሳትናገር ቆየች። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ምን አልኳት መሰለሽ? «እስቲ ትንሽ እንየው…» አንድ ዓመት አየነው። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ሳንባዋ ገብቷል። ቢላም ሰመመንም ሳይነካው! ያቺ «እስቲ እንየው» እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

የአጎትሽ ልጅ ግን ዝም ብሎ ፈጥሮ አላወራም። ነገሩ እንዲህ ነው። ኦፕራሲዮን ለሰውነት ትልቅ ድንጋጤ ነው። የተበላሸ ህዋስ እያደኑ የሚገድሉት ነጭ የደም ህዋሶቻችን ለጥቂት ቀናት ይዳከማሉ። ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ሲመለከቱ፣ እንደ ሴቮፍሉሬን ያሉ በትንፋሽ የሚገቡ ማደንዘዣዎች ድካሙን ሳያብሱት አይቀሩም፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎል ግን ይሻላል የሚል ፍንጭ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ለንደን የሚገኘው ሮያል ማርስደን ሆስፒታል የ7 ሺህ ያህል ታካሚዎች መዝገብ ሲገላበጥ፣ በፕሮፖፎል የተኙት በሕይወት በመቆየት በልጠው ተገኙ። ወሬው የተወለደው ከዚህ ነው።

ግን መዝገብ ማገላበጥ ሌላ፣ በዕጣ ከፍሎ መሞከር ሌላ! እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣውን ልንገራችሁ። በ13 ሆስፒታሎች 2,108 የጡት ካንሰር የያዛቸው ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሴቮፍሉሬን ተኝተው፣ ግማሾቹ ደረታቸው በመርፌ ደንዝዞና ፕሮፖፎል ተሰጥቷቸው ኦፕራሲዮን ሆኑ። ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከሁለቱም ወገን ከመቶ አሥር ያህሉ ናቸው። እኩል! በ2023 የወጣው፣ ስዊድኖች የመሩት ጥናትም ከ1,600 በላይ ሴቶችን 5 ዓመት ተከታትሎ በፕሮፖፎልና በሴቮፍሉሬን መካከል በዕድሜ ልዩነት አላገኘም።

እንዲያውም ጉድ የሚያሰኝ ሌላ ነገር አለ። የጥርስ ሐኪም የሚወጋንን ሊዶኬይን ታውቁት የለ? ሙምባይ ያለው ታታ ሆስፒታል የመራው ጥናት እብጠቱ ከመውጣቱ በፊት ዙሪያውን በዚሁ መርፌ ወጋ። በ2023 በወጣው ውጤት መሠረት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከተወጉት ከመቶ 90፣ ካልተወጉት 86 ያህል ናቸው። አንድ ጥናት ስለሆነ በሌላም ቦታ ተደግሞ መታየት አለበት፤ ቢሆንም ማደንዘዣ ሁሉ የካንሰር ወዳጅ እንዳልሆነ ያሳያል።

መዘግየትስ? እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን በ4 ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋው በ8 በመቶ ያህል ይጨምራል። አያችሁ ገዳዩ የቱ እንደሆነ? አገራችን ውስጥ አብዛኛው ታካሚ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ከዚያ ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ ይሞታል… ሰውም «ብረት ነክቶት ነው» ይላል!

ስለዚህ የገርጂዋ እህቴ፣ ለእማማ ይህንኑ ንገሪያት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሰመመን ባለሙያውን አብራችሁ አነጋግሩ። የምትወስደውን መድኃኒት፣ ደም ግፊት ወይም አስም ካለባት ሳትደብቁ ንገሩት። «አትብሉ» የተባለበትን ሰዓት አክብሩ፤ «ትንሽ ፍትፍት ምን ታደርጋለች» ማለት ሰመመን ላይ ለሞት ያደርሳል። «ፕሮፖፎል ያለበት ሆስፒታል ካልሆነ» ብላችሁ ደግሞ ከቦሌ ሲኤምሲ፣ ከሲኤምሲ አያት ስትባዝኑ ጊዜ እንዳትገድሉ። ምርጫውን ለባለሙያው ተዉት። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚታዘዘውንም ሕክምና አታቋርጡ።

እናቶች የሚፈሩት ሰመመኑን ብቻ አይመስለኝም፤ ተኝቶ አለመንቃትን ነው። ስለዚህ ክርክሩን ተይና እጇን ይዘሽ እስከ በሩ አድርሻት። ስትነቃም መጀመሪያ የምታየው አንቺን ይሁን።

ሦስተኛው ቀጠሮ እንዳያልፍ! ውጤቱን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።