ደረሰኙን አትጣሉት

በዚህ ወር ብዙዎቻችን «ምን አገባን» ብለን ስለምናልፈው ነገር፣ ስለ ሐርጌሳ ከተማ ምክር ቤትና ስለ ገንዘቡ እንጨዋወት።

በቅርቡ ገበያ ዳር ሻይ የምትሸጥ የአንድ ተማሪያችን እናት አግኝተን ስለ ዕለታዊው ክፍያ አጫወተችን። ሶማሌዎቹ «ዓንሹር» የሚሉት ቀረጥ መሆኑ ነው። «ደረሰኙንስ ምን ታደርጊዋለሽ?» አልናት። «ከሰል አቀጣጥልበታለኋ!» ብላ ሳቀች። ከዚያም «መምህር፣ እኛ እኮ ከፋዮች ነን እንጂ ጠያቂዎች አይደለንም» አለችን። አብረናት ስቀን ተለያየን፤ ቤታችን ስንገባ ግን ነገሩ ከነከነን።

እስቲ መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። የሐርጌሳ ምክር ቤት 25 አባላት አሉት። የከተማው ሕዝብ አባላቱን ይመርጣል፤ እነሱ ደግሞ ከመካከላቸው ከንቲባውን ይመርጣሉ። በግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ የተመረጡት አባላት አብዲከሪም አሕመድ ሞጌን ከንቲባ ያደረጉት በዚሁ መንገድ ነው። ዘመናቸው በሕግ አምስት ዓመት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ምርጫ በ2002፣ ሁለተኛው በ2012፣ ሦስተኛው በ2021 ተካሄደ። እንግዲህ የአገሩ ሰው ራሱ ድምፁን ለመስጠት ስንት ዓመት እንደጠበቀ ቁጠሩት። በ2021 በመላው ሶማሊላንድ ከተመረጡት 220 የአካባቢ ምክር ቤት አባላት ውስጥ ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። ጉልት ላይ ተቀምጦ በየቀኑ የሚከፍለው በአብዛኛው ሴት፣ ስለ ክፍያው የሚወስነው ግን ከሞላ ጎደል ወንድ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ከገበያ ቀረጥ፣ ከንግድ ፈቃድ፣ ከቤትና ከቦታ ግብር፣ ከጉምሩክ ገቢ ከሚደርሰው ድርሻ፣ እንዲሁም ከውጭ እርዳታ ነው። በ2008 የተጀመረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የጋራ ፕሮግራም የአካባቢ ምክር ቤቶችን በበጀት አያያዝና በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ሥራ ሲያግዝ ቆይቷል። ከዚያም በፊት፣ በ2004 እና በ2005 አካባቢ፣ የከተማው ቤቶች በሳተላይት ፎቶ ታይተው፣ ቤት ለቤት ተመዝግበው ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤት ግብሩ ገቢ ከፍ አለ። ቀድሞ በመዝገብ ላይ ያልነበረ ቤት ታወቀና ግብር ከፈለ። ይቺን ነገር ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

«ታዲያ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል ካለ የዋሄን ገበያን ያስታውስ። ሚያዝያ 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ማታ የተነሣው እሳት የከተማውን ትልቁን ገበያ አወደመው። የእሳት አደጋ መኪኖች በጠባቡ መተላለፊያ ገብተው መድረስ ተቸግረው ነበር። መንገዱ ምን ያህል ይስፋ፣ ሱቁ የት ይቁም፣ ስንት የእሳት አደጋ መኪና ይገዛ የሚለው እንግዲህ ምክር ቤት ውስጥ የሚነገር ጉዳይ ነው። አሰልቺ ስብሰባ ይመስላል፤ እሳቱ ሲነሣ ግን አገሬውንና ስደተኛውን አይለይም።

እውነት ነው፣ እኛ ድምፅ አንሰጥም። ደግሞም ከአገራችን ይዘነው የመጣነው የስብሰባ ጥላቻ አለን፤ ቀበሌ ሲጠራን የምንደበቅ ሰዎች ነበርን። ግን ዕድር እናውቃለን። ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ሳያነብ ማን ዝም ይል ነበር? ዕድሩን የሚያኖረው መጠየቁ ነው።

አሁን የራሳችንን ጉድ እንናገር። ባለፈው ዝናብ የትምህርት ቤታችን መግቢያ በጎርፍ ስለተዘጋ እኛ መምህራን የውኃ መውረጃ እንዲቆፈርልን ለመለመን ወደ ሰፈሩ ኃላፊ ሄድን። በአክብሮት ተቀብለው አዳመጡን። በመጨረሻ «ማዓሊን፣ በዚያ በር የሚገባው ልጅ ስንት ነው?» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን። በየማለዳው ስም የምንጠራ መምህራን ቁጥሩን አናውቀውም! «ብዙ ነው» አልን። «ብዙ» ደግሞ በጀት ውስጥ አይጻፍም። አፍረን ተመለስን።

በማግስቱ በር ላይ ቆመን ቆጠርን። የስደተኛውንም፣ በዚያው የሚያልፈውን የሶማሌ ጎረቤታችንንም ልጅ ቆጠርን። ሶማልኛ በደንብ የሚጽፍ ተማሪ ወረቀቱን አዘጋጀልን፤ የጎረቤት ወላጆችም አብረውን ፈረሙ። መውረጃው እስካሁን አልተቆፈረም። ወረቀታችን ግን ገብቷል፤ ሰፈሩ የሚፈልገውን ሲያስመዘግብ የእኛም ጥያቄ ከነቁጥሩ አብሮ አለ። ያልተመዘገበ ቤት ግብር አይከፍልም ነበር ብለን የለ? ያልተቆጠረ ልጅም መውረጃ አይቆፈርለትም።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ሦስት ነገር እንለምናችሁ። አንደኛ፣ ደረሰኛችሁን በላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ነገ ክርክር ቢነሣ መክፈላችሁን የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የሰፈራችሁን ኃላፊ ችግር ሳይመጣ በፊት ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ሰላምታ ቀረጥ የለውም። ሦስተኛ፣ ስትጠይቁ አንድ ነገር ብቻ፣ በቁጥር፣ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። በካምፕ የምትኖሩም ስለ ውኃ ቦኖና ስለ መጸዳጃ ኮሚቴያችሁ ዘንድ ስትቀርቡ እንዲሁ አድርጉ።

ያቺን እናት ትናንት አገኘናት። ከመቀነቷ የተጣጠፉ ደረሰኞች አውጥታ አሳየችን፤ «መምህር፣ አሁን ከሰሉን በምን ላቀጣጥል?» አለችን። የልጇን ያለቀ ደብተር እንድትጠቀም ፈቅደንላታል።

ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያድርሰን።