ውለታ በክብር እንጂ በቦታ አይከፈልም

ኳስ በሚወደድበት አገር ሁሉ የማይቀር አንድ ሙግት አለ። የቡድኑን ስም ያስጠራ፣ ሕዝብም እንደ ወለደው ልጅ የሚሳሳለት ተጫዋች ዕድሜው ሲገፋ ቦታውን ለተተኪው ይልቀቅ ወይስ እስከፈለገበት ቀን ድረስ ይቆይ? በዚህ ሙግት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ጮክ ብሎ የሚናገረው ስሜት ነው። ቡድኑ ሲለውጥ «ከሃዲ» ይባላል፤ ሳይለውጥ ቀርቶ ሲሸነፍ ደግሞ «ዐይን የሌለው» ተብሎ ይሰደባል። እንዲህ ካሉት ጠቦች እጅግ ከመረሩት አንዱ በ2008 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት፣ በግሪን ቤይ ከተማ የተነሣው ነው። ዓመታት ያለፉት ነገር ቢሆንም፣ ደጋፊ ዛሬም የሚሳሳትበትን ሁሉ በአንድ ላይ ሰብስቦ ስለያዘ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ እግር ኳስ በስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ በአብዛኛው ኳሱ በእጅ የሚወረወርበትና ታቅፎ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ቡድኑ 11 ተጫዋቾች አሰልፎ ሲያጠቃ ኳሱን ከመነሻው የሚረከበው፣ የአሠልጣኙን ዕቅድ ለጓደኞቹ የሚያሰማው፣ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የሚወስነው አንድ ሰው ነው፤ ኳርተርባክ ይባላል። በእኛ ዘንድ በሚታወቀው እግር ኳስ ጥሩ አጥቂ ያለው ቡድን ሌላ ጥሩ አጥቂ ቢያገኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰለፍ ይችላል። ኳርተርባክ ግን እንደ በረኛ ነው፤ ቦታው አንድ ብቻ ነው። አንዱ ሲጫወት ሌላው ቆሞ ያያል። ስለዚህ «አሮጌው ይቆይልን» የሚል ሰው ሳይናገረው የሚናገረው ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ወጣቱ ይቀመጥልን» የሚል።

ግሪን ቤይ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። በ1919 የተመሠረተው ቡድኗ ፓከርስ ግን በሊጉ ውስጥ ልዩ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ቱጃር ሳይሆን ሕዝብ ነው። ከ1923 ጀምሮ በተለያዩ ዓመታት ለሕዝብ አክሲዮን ሸጧል፤ ዛሬ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች አሉት። አክሲዮኑ የትርፍ ድርሻ አያስገኝም፤ በገበያ ተሽጦም አያተርፍም። የሚያስገኘው የቡድኑን ቦርድ የመምረጥ ድምፅና ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ የመስቀል ኩራት ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ቡድኑን «የእኛ» ሲል ባዶ ቃል አይደለም።

በዚህች ከተማ ላይ ብሬት ፋርቭ 16 ዓመት ነገሠ። በ1992 ከአትላንታ ቡድን ሲመጣ እምብዛም የማይታወቅ ወጣት ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ከቋሚዎቹ መካከል ተሰለፈ፤ ከዚያን ቀን አንሥቶ እስከ 2007 የውድድር ዘመን ፍጻሜ ድረስ አንድም የመደበኛ ውድድር ጨዋታ ሳያመልጠው 253 ጊዜ በተከታታይ ተሰለፈ። ጣቱ ተሰብሮ፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ተጫወተ። ለ29 ዓመት ከሻምፒዮናነት ርቆ የነበረውን ቡድን በጃንዋሪ 1997 የሱፐር ቦውል ባለድል አደረገ። ከ1995 እስከ 1997 ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዲሴምበር 2003 አባቱ በድንገት በሞቱ ማግስት ወደ ሜዳ ገብቶ 399 ያርድና አራት የግብ ኳሶች ወርውሮ ቡድኑን 41 ለ 7 አሸናፊ አደረገ። ይህን ያየ ሕዝብ ፋርቭን ቢወድ ማን ይፈርድበታል?

የነገሩ ሂደት እንዲህ ነው። ቡድኑ በ2005 አሮን ሮጀርስ የተባለ ወጣት ኳርተርባክ መረጠ፤ ወጣቱም ሦስት ዓመት በተጠባባቂ ወንበር ተቀመጠ። በእነዚያ ዓመታት ፋርቭ በእያንዳንዱ የውድድር ዘመን ማብቂያ «ልተው? ልቀጥል?» እያለ ያመነታ ነበር። በማርች 2008፣ በ38 ዓመቱ፣ በሕዝብ ፊት እንባውን እያፈሰሰ ጫማውን መስቀሉን አስታወቀ። ወሩ ሳያልቅ የመመለስ አሳብ አድሮበት ከክለቡ ጋር ቢነጋገርም ጉዳዩን መልሶ ተወው። ክለቡ ቃሉን ይዞ ሥራውን ቀጠለ፤ ሮጀርስን ቋሚ አደረገ፤ በኤፕሪሉ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫም ተጠባባቂ የሚሆኑ ሁለት ወጣት ኳርተርባኮች ወሰደ። በጁላይ ፋርቭ «ተቻኩዬ ነው የወሰንኩት፤ እመለሳለሁ» አለ። ሥራ አስኪያጁ ቴድ ቶምሰንና አሠልጣኙ ማይክ ማካርቲ ግን የቋሚነቱን ቦታ መልሰው አልሰጡትም። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ ተሸጠ። ከተማዪቱ ለሁለት ተከፈለች። ከስታዲየሙ ውጭ ሰልፍ ተወጣ፤ ገና 24 ዓመቱ የሆነው ሮጀርስም በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ደጋፊዎቹ ፊት ልምምድ ሲሠራ ተጮኸበት።

የፋርቭ ወገኖች ሦስት መከራከሪያዎች ነበሯቸው። ሦስቱም ጆሮ ይስባሉ፤ ሦስቱም ግን ሲመረመሩ አይጸኑም።

የመጀመሪያው የውለታ ነው። «ይህን ሁሉ ያደረገልን ሰው አንድ ዓመት ቢጠይቀን እንዴት ይነፈጋል?» ይላል። ውለታው እውነት ነው፤ ዕዳውም እውነት ነው። ጥያቄው በምን ይከፈላል የሚለው ነው። የፋርቭ ድካም በደመወዝ፣ በዝና፣ በፍቅር ሲከፈል ኖሯል፤ ገና የሚከፈል ቀሪ ክብርም ነበረው። የቋሚነት ቦታው ግን የባለዕዳው የግል ገንዘብ አልነበረም። ያ ቦታ የ53 ተጫዋቾች የዓመት ድካም የሚወሰንበት ስለሆነ ደጋፊ ለሚወደው ሰው በስጦታ የሚያበረክተው ዕቃ አይደለም። በሌላ ሰው ንብረት ዕዳውን የሚከፍል ሰው ለጋስ አይባልም። ደግሞስ ሦስት ዓመት በዝምታ ተራውን የጠበቀው ወጣት ምንም አይገባውም ነበር? በእንባ የተነገረውን ስንብት አምኖ ቡድኑን ለመምራት ሲዘጋጅ የከረመው እሱ ነው። የእኛ አባቶች «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቃል ሲታጠፍ የሚጎዳው ቃሉን አምኖ ሕይወቱን ያደላደለው ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ሰው አሳቡን መለወጥ መብቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ አብሮት እንዲለወጥለት መጠየቅ ግን መብቱ አይደለም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የችሎታ ነው፤ ከሦስቱም የሚከብደው ይህ ነው። በ2007 ፋርቭ ቡድኑን ከ16 ጨዋታዎች 13ቱን አሸናፊ አድርጎ ለሱፐር ቦውል ከሚያልፉበት በር አድርሶት ነበር። ሮጀርስ በ2008 ሲተካው ቡድኑ ስድስት አሸንፎ አሥር ተሸነፈ። ይባስ ብሎ ፋርቭ በ2009 የቅርብ ባላንጣ ወደሆነው ወደ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ገብቶ 33 የግብ ኳሶች ሲወረውር በተቃራኒ እጅ የገቡበት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ፓከርስንም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ አሸነፈ። «ተናግረን አልነበረም?» የሚለው ድምፅ ያኔ ሰማይ ነካ።

የዚህ ሙግት መልስ «ሮጀርስ በፌብሩዋሪ 2011 ሱፐር ቦውልን አሸንፏል» የሚለው ሆኖ ቆይቷል። ይህ መልስ ግን ራሱ ደካማ ነው። በውጤት የሚፈርድ ሰው በ2009 ተሸንፎ በ2011 ያሸንፋል፤ በዚያው ሚዛን ነገ ደግሞ ይሸነፋል። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ቀን በታወቀው ነገር ነው። በጁላይ 2008 የታወቀው ምን ነበር? ሰውዬው 38 ዓመቱ ነው፤ በየዓመቱ ያመነታል፤ ከሦስት ዓመት በፊት በ2005 የወረወራቸው 29 ኳሶች በተቃራኒ እጅ ገብተዋል፤ በጃንዋሪው የዋዜማ ፍልሚያም በጭማሪ ሰዓት የመጨረሻ ኳሱ በጃያንትስ ተከላካይ ተጠልፎ ቡድኑ 23 ለ 20 ተሸንፏል። በሌላ በኩል ለሦስት ዓመት የሠለጠነ፣ ከዚህ በላይ ቢቀመጥ ውሉ አልቆ ሊሄድ የሚችል ወጣት አለ። አንዱ ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ዓመታት ይሰጣል፤ ሌላው አሥር ሊሰጥ ይችላል። ይህን አይቶ ወጣቱን የመረጠ ሥራ አስኪያጅ ዋንጫውን ባያገኝ እንኳ አልተሳሳተም ነበር። ፋርቭ በ2009 ድንቅ መሆኑም ይህን አያፈርሰውም፤ ትልቅ ተጫዋች አንድ ትልቅ ዓመት ቀርቶት እንደነበር ያሳያል እንጂ።

ሦስተኛው የባለቤትነት ነው። «ቡድኑ የእኛ ነው፤ አክሲዮኑም በእጃችን ነው፤ ስለዚህ ይሰማን» የሚል። በእርግጥም ባለቤት ሊሰማ ይገባዋል። ነገር ግን ሕዝብ የአንድ ተቋም ባለቤት ነው ማለት ምን ማለት ነው? ባለቤትነቱ የዛሬው ጩኸት ብቻ ሳይሆን በ1923 ገንዘቡን ያዋጣው ሟችና ገና ያልተወለደው ልጅም ድርሻ ነው። ተቋምን ከአንድ ጀግና ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ሕዝብ ጀግናው ሲሄድ ተቋሙ የሚሞት ይመስለዋል፤ ስለዚህም ጀግናውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። የኋላ ኋላ የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው። ይህ በሽታ በስታዲየም ብቻ የሚታይ አለመሆኑን በዚህ የዓለም ክፍል የሚኖር አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የክለቡ ሹማምንት ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። ውሳኔያቸው ትክክል፣ አያያዛቸው ግን ድፍን ያለ ነበር። ለሳምንታት ለሕዝብ ግልጽ ነገር ሳይናገሩ በሕግና በወረቀት ተከላከሉ። ፋርቭ ወደ ሜዳ እንዳይመለስ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያስገኝ የማስታወቂያ ውል እንዳቀረቡለት ሲሰማ ደግሞ ነገሩ ዝምታን በገንዘብ እንደ መግዛት ታየ። «ቦታው ተይዟል፤ አንተ ግን የዚህ ቤት ልጅ ነህ» የሚለውን ቀላል ቃል በመጀመሪያው ቀን፣ በአደባባይ ቢናገሩት ኖሮ ብዙ ቁጣ ይበርድ ነበር። ሰውን ከቦታው ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ አዋርዶ ማንሣት ሌላ። ደጋፊው ሊቆጣ የሚገባው በዚህኛው ነበር፤ የተቆጣው ግን በውሳኔው ነበር፤ ከዚያም አልፎ ቁጣውን ምንም ባላጠፋው ወጣት ላይ ጣለው።

ትክክለኛው ክፍያ የመጣው በጁላይ 2015 ነው። በዚያ ቀን ክለቡ ፋርቭን በራሱ የዝነኞች መዝገብ አስገባው፤ 4 ቁጥር ማልያውንም ሌላ ማንም እንዳይለብሰው አደረገ። በላምቦ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ በጭብጨባ ተቀበለው። በ2009 በቫይኪንግስ ማልያ ሲመጣ የጮኸበትም ያው ሕዝብ ነበር። ውለታ በክብር ሲከፈል እንዲህ ነው፤ የማንንም ቦታ አይወስድም፤ ማንንም አያስቀምጥም፤ ጊዜም አያልፍበትም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2020 ክለቡ ጆርዳን ላቭ የተባለ ወጣት ኳርተርባክ ሲመርጥ ሮጀርስ ራሱ በፋርቭ ጫማ ቆመ፤ ያኔ ተጮኾበት የነበረው ወጣት አሁን ሕዝብ የሚሳሳለት አንጋፋ ሆኗል። በ2021 ክለቡ አንጋፋዎቹን የሚያሰናብትበት መንገድ ክብር የጎደለው ነው ሲል በግልጽ ወቀሰ፤ በዚህም እውነት ነበረው። ሆኖም በ2020 እና በ2021 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ስለነበር ማንም ከቦታው አላነሣውም። ይህ ራሱ ክለቡ የሚቃወመው ዕድሜን እንዳልሆነ ያሳያል። ቡድኑ በ2022 ወደ ጥሎ ማለፉ ሳይገባ ቀረ፤ በኤፕሪል 2023 ሮጀርስም ልክ እንደ ፋርቭ ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ ተሸጠ። ላቭ በመጀመሪያ የቋሚነት ዓመቱ ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አበቃ፤ ዳላስንም በገዛ ሜዳው 48 ለ 32 አሸነፈ። በዚህ ጊዜም ያዘኑ ነበሩ፤ እንደ 2008ቱ ያለ እሳት ግን አልነደደም። ሕዝቡ ጀግና መውደዱን አልተወም፤ ጀግና ሄዶም ቡድን እንደሚኖር አንድ ጊዜ አይቶታልና።

የላቭም ቀን ይመጣል። ያን ዕለት ደጋፊው ከመጮኹ በፊት ራሱን ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ ይህ ሰው ይቆይ ስል የማንን ተራ ነው የምወስደው? ሲሄድስ እንደሚገባው አክብሬ ሸኝቼዋለሁ? ለመጀመሪያው መልስ ሳያገኝ «ውለታ» የሚለውን ቃል ባያነሣው ይሻላል። ለሁለተኛው መልሱ «አይደለም» ከሆነ ግን ያን ጊዜ ይጩኽ፤ ጩኸቱም በሹማምንቱ ላይ እንጂ ኳሱን በተረከበው ወጣት ላይ አይሁን።