ልጄ ከሰባዎቹ ነው ከሠላሳዎቹ?

በዚህ ወር ስለ ወጥ አላወራም። ዳንፎርዝ ላይ ምግብ ቤት የያዘ ሰው ከቡናው ጋር የሰው ጭንቀትም ያዳምጣል። የአንዲት ደንበኛዬ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ሐኪሞቹ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አንስተው «ሰባ በመቶ ተስፋ አለው» ብለዋታል። «እትዬ፣ ልጄ ከሰባዎቹ ነው ከሠላሳዎቹ?» አለችኝ። እኔ ወጥ ሠሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም፣ ሳነብና ስጠይቅ ከረምኩ።

በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በአግባቡ ተወስደው ካልሠሩ፣ ሦስተኛው የመሥራት ዕድሉ ትንሽ ነው። ከሕሙማኑ ሲሶ ያህሉ እንዲህ መድኃኒት አይዝላቸውም። እንግዲህ ዝም ብሎ መጠበቅም እኮ ውሳኔ ነው፤ ልጁ እየወደቀ ነው የሚያድገው።

እዚህ ሲክኪድስ ሆስፒታል ለምርመራ ገባ ማለት ተቀደደ ማለት አይደለም። ኤምአርአይ ያነሱታል፣ አስተኝተው በቪዲዮ እየቀረጹ የአንጎሉን ኤሌክትሪክ ይከታተላሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ የሚጥለው ከየት ነው የሚነሳው? ጠባሳው በኤምአርአይ ከታየ፣ የኤሌክትሪኩ ምርመራም እዚያው ከጠቆመ፣ ያ ቦታም ሙሉ በሙሉ መውጣት ከቻለ ተስፋው ከፍ ይላል። ምንም ካልታየ ወይም ከብዙ ቦታ ከተነሳ ዝቅ ይላል። ትንበያ የሚሉት ይኸው ነው፤ ጥንቆላ አይደለም።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴልሂ ጥናት 116 ልጆችን ተከታትሏል። ከዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 77 በመቶው መጣሉ ቆሞላቸዋል፤ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት 7 በመቶው። ሆኖም ቀዶ ከተደረገላቸው ሲሶው ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ አብዛኛው የአንድ ጎን መድከም ነው። ይህንን ሳይሰሙ መፈረም የለም!

ስለዚህ መቶኛ ሲነገራችሁ እንዲህ ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር የልጄን ዓይነት በሽታ ካለባቸው ልጆች የመጣ ነው ወይስ ከሁሉም? ቆመ ማለት ለአንድ ዓመት ነው ለአምስት? መድኃኒቱስ ይቀራል? እጁን፣ ንግግሩን፣ እይታውን ምን ይነካበታል? ባይቀደድስ ምን ይጠብቀዋል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

(ክብሪት ጭሮ ማሽተቱ ግን እባካችሁ ይቅር። በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ 911 ደውሉ። ጸበልም ስትሄዱ መድኃኒቱን አታቋርጡ።)

ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችለውን ታላቅ ወንድሙን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ዓይነት ወሬ ለእናቱ መንገር የለበትም። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ አትከፍሉበትም።