የካራቴ ፊልምና ከልካዮቹ

በማንኩሳም ሆነ በቡሬ ልጆች በየቤታቸው የቆየ የጃፓን ካራቴ ፊልም ሲያዩ «ደም አፍሳሽ ያደርጋቸዋል» ብለው የሚከለክሉ ወገኖቻችን አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሶኒ ቺባ፥ ቶኤ የተባለው ኩባንያ በ1966 ዓ.ም. ባወጣው ፊልም፥ የሰው ጉሮሮ በእጁ ሲዘነጥል መታየቱ እውነት ነው፤ ጭካኔውም ገበያ መሳቢያ ነበር። ለመሆኑ ግን በየሠርጉና በየጥምቀቱ ዱላ ሲማዘዝ የኖረው የአገራችን ጎረምሳ የትኛውን ፊልም አይቶ ነው?

ቺባ ራሱ ካራቴን ከማሱታትሱ ኦያማ ዘንድ በትዕግሥት የተማረ ሰው ነው። የኦኪናዋውን ካራቴ በ1914 ዓ.ም. በቶኪዮ ያሳየው ጊቺን ፉናኮሺም የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ፊልሙ ይህን አይናገርም፤ ለልጁ የሚነግረው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የሄደ አባት ምን ሊነግረው ነው?