ሮቦታችን መተማ ላይ ለምን ቆመች?

ሰሞኑን በተማሪዎች ኅብረት ጉባኤ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲያሟግተን እንደ ቆየ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ነገሩ የሮቦት ቡድናችን ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ከውድድሩ በኋላ ለጉብኝት የሚሰጡት ሁለት ቀኖች ይኑሩ ወይስ ይቅሩ የሚል ነው። አንደኛው ወገን «የኅብረቱ ገንዘብ የተማሪው ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ስምንት ተማሪ ሕንፃ ቆሞ እንዲያይ አበል የሚከፈልበት ምክንያት የለም» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ሲበይዱ የከረሙ ልጆች ሁለት ቀን ዓይናቸውን ቢያፍታቱ ምን ነውር አለበት?» ሲል መለሰ። ድምፁም እኩል ለእኩል ስለ ሆነ ነገሩ ለሚመጣው ወር ተቀጠረ።

እኛ ይህን የምንጽፈው የቡድኑ አባሎች ነን። ስለዚህ ለራሳችን ጥቅም የምንከራከር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ የምንለው ከሁለቱም ወገን የተለየ ነው። ጉብኝቱ አይቅር፤ ነገር ግን ቦታውም ጊዜውም ይለወጥ። ከውድድሩ በኋላ መሆኑ ቀርቶ ከውድድሩ በፊት፣ እንዲያውም ሮቦቱ ከመነደፉ በፊት ይሁን። የሚጎበኘውም ሥራችን ሊጠቅም የሚገባው አገር ይሁን። ይህን እንድንል ያደረገን በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ወደ መተማ ያደረግነው ጉዞ ስለ ሆነ አስቀድመን እርሱን እንተርካለን።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቡድናችን አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ አንድ የተማሪዎች ውድድር ተካፍሎ ሦስተኛ ወጣ። ሮቦታችን በነጭ ወለል ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውንም ቀይ ሣጥን አንሥታ በቦታው የምታስቀምጥ ነበረች። አእምሮዋ አርዱዊኖ የሚባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው፤ ዓይኗም ራሷ ወደ ወለሉ የምትልከውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲመለስ የሚለካ መሣሪያ ነው። ነጩ ወለል ብርሃኑን ይመልሳል፤ ጥቁሩ መስመር ይውጠዋል፤ እርሷም በዚህ ልዩነት መንገዷን ታውቃለች። አዳራሹ ሲያጨበጭብልን ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቀን ጎበኘን። ድንቅነሽ ያለችበትን ብሔራዊ ሙዚየም አየን፤ በዚያው ዓመት በመስከረም የተከፈተውን የሳይንስ ሙዚየም አየን፤ እንጦጦም ወጥተን ፎቶግራፍ ተነሣን። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኘችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ከሶፍትዌሯ ከፊሉ በአይኮግ ላብስ፣ በኢትዮጵያውያን ወጣቶች እጅ የተሠራ መሆኑን እያነሣን «ነገ እኛም!» እንባባል ነበር። ይህ ምኞት ዛሬም አለን፤ አናፍርበትም።

ከመካከላችን አንዱ የገንዳ ውሃ ልጅ ነው። «እናንተ እንጦጦን አይታችሁ አትጠግቡም፤ የእኔን አገር ግን አንድ ቀን እንኳ ልያት ያለ የለም» እያለ ይወቅሰን ነበርና በኅዳር አጋጣሚ ባገኘነው የዕረፍት ቀን ተከትለነው ወረድን። ሮቦቷንም በካርቶን አሽገን ያዝናት፤ እውነቱን ለመናገር የቆላውን ልጆች ልናስደንቅ አስበን ነው።

መንገዱ ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ፣ የጭልጋን አይከል አልፎ፣ በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያም በኮኪት አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ ይወርዳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከሚበልጠው ደጋ ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በታች ወዳለው በረሃ መውረድ ነው። ጎንደር ላይ ሹራብ ለብሰን ተሳፈርን፤ ነጋዴ ባሕርን ስናልፍ ሹራቡ ከጉልበታችን ላይ ነበረ፤ ገንዳ ውሃ ስንደርስ የሸሚዛችንን እጅጌ ሰበሰብን። ከዚያ ወዲያ ግራርና የዕጣን ዛፍ፣ ማሽላና ሰሊጥ፣ ጥቁር የዋልካ ሜዳ ነው።

መተማ ዮሐንስን ለፈተና ስንሸመድዳት ኖረናል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘምተው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ ጦርነት ቆስለው ሞቱ፤ ከተማዋም በስማቸው ትጠራለች። ከማዶ የሱዳን ከተማ ገላባት አለች። በሁለቱ መካከል ክረምት ሲሆን የሚሞላ ጅረትና አንድ ድልድይ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን የሚያልፍ የሚያገድመውን ተመለከትን። በመጽሐፍ ላይ ወፍራም መስመር ሆኖ ያወቅነው ጠረፍ ሰዎች ጨውና ሽንኩርት ይዘው የሚሻገሩበት መሆኑን ስናይ፣ አገር ማወቅና ካርታ ማወቅ አንድ እንዳልሆኑ ተረዳን።

በማግሥቱ ከጓደኛችን አባት እርሻ ደረስን። የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲሰበሰብ ሮቦቷን ከካርቶኑ አወጣን፤ ነጭ ሸራ አነጠፍን፤ ጥቁር መስመርም በፕላስተር ለጠፍን። ልጆች ከበቡን። ሮቦቷ ሁለት ክንድ ያህል ሄዳ ቆመች። እንደገና ስናስነሣት ወደ ጎን ዞረችና ከሸራው ወርዳ በተሰነጠቀው ዋልካ ውስጥ ጎማዋ ተቀረቀረ። ምክንያቱ ኋላ ላይ ገባን፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ራሱ ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚያፈስስ ዓይኗ ነጩን ከጥቁሩ መለየት አቃተው። በአዳራሽ መብራት ሥር አንበሳ የነበረች በፀሐይ ታወረች።

ልጆቹ ሳቁ። የጓደኛችን አባት ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው አዩአትና ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ ይህች ነገር ሥራዋ ምንድን ነው?»

«መስመር ትከተላለች፣ አባባ።»

«መስመሩን ማን ያሰምርላታል?»

«እኛ ነን።»

ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያማ ዋናው ሥራ የእናንተ ነዋ» አሉን።

ይህ ነገር አሳፍሮን በዚያው ማታ በፋኖስ ብርሃን ሰሊጥ የምታጭድ ሮቦት መንደፍ ጀመርን። ችግሩም ቀላል አይደለም። ሰሊጥ ሲደርስ ዘሩን የያዘው ሽፋን ከጫፉ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ገበሬው ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት በማጭድ ያጭደዋል፤ በነዶ አስሮ አቁሞ ያደርቀዋል፤ ከዚያም ነዶውን ዘቅዝቆ ሸራ ላይ እየመታ ያራግፈዋል። ጥቂት ቀን የዘገየ የዓመት ልፋቱን ለአፈር ይሰጣል። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ወደ ቆላው የሚወርደውም ስለዚህ ነው።

ንድፉን ስንጨርስ በአቅራቢያችን ለነበረ አንድ የበለሳ ልጅ አሳየነው። ዕድሜው የእኛው ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ከዚያ በላይ አልገፋም። ወረቀቱን አገላብጦ አየና እንዲህ አለን፤ «ወንድሞቼ፣ አጨዳውን እንኳ ለእኛ ተዉልን፤ የመጣንበት እርሱ ነው። ሌሊቱንና ውሃውን ካቃለላችሁልን ግን ዕድሜ ይስጣችሁ።»

ሌሊቱ ያለው ምን እንደሆነ ከእርሱ ሰማን። ሠራተኛው ቀን አጭዶ ሌሊት በግራር ሥር፣ በሜዳ ላይ ይተኛል። የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ በተራው አጎበር ቀዳዳ ሾልካ ልትገባ የምትችል ነፍሳት በሌሊት ትነክሰዋለች፤ ካላዛርንም ታስተላልፋለች። በሽታው ትኩሳት ያመጣል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ካልታከመም ይገድላል። በሽታው ከሌለበት ከደጋ የሚወርደው ሰው ደግሞ ሰውነቱ ስላልለመደው የበለጠ ይጎዳል። የዚያ ልጅ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ ተይዞ ጎንደር ታክሞ ድኗል። የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማእከል ጎንደር ውስጥ መኖሩን እኛ ያወቅነው ከእርሱ አፍ ነው። ውሃውን በሚመለከት ደግሞ፣ ሠራተኛው በየዕለቱ ጀሪካን ተሸክሞ ከሩቅ ስለሚያመጣ ከሥራ ሰዓቱ አንዱን ያህል በዚያ ያጠፋል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ እዚህ ላይ ፍረዱ። እኛ ወደዚያ ባንወርድ ኖሮ የምንሠራው ሮቦት ያን ልጅ ከእንጀራው የሚያፈናቅል፣ ሌሊቱንም ሆነ ውሃውን የማያይ ነበር። ያውም በቅን ልብ!

ከተመለስን በኋላ በአሮጌ የሞተር ሳይክል ጎማ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚጭን የእጅ ጋሪ መሥራት ጀመርን። ጎማው ሰፊና ትልቅ የሆነው የዋልካውን ስንጥቅ ስላየነው ነው። ለሚቀጥለው አጨዳ ልናወርደው አሰብን። ነገር ግን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ጨውና ሽንኩርት ሲሻገርበት ባየነው ጠረፍ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ነፍሱን ይዞ ተሻገረ። ከወራት በኋላ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሣና መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት ሆነ። ጋሪው ዛሬም ወርክሾፓችን ጥግ ቆሟል። የበለሳው ልጅ የት እንዳለ አናውቅም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። «ጋሪ ሮቦት አይደለም፤ ሜዳልያም አያስገኝም» የሚሉን አሉ። ልክ ነው፤ አያስገኝም። ነገር ግን የምሕንድስና ፍሬ የሚለካው በመሣሪያው ውስብስብነት ነውን? የሰሊጡን ነገር እንኳ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1943 ላንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በቬኔዙዌላ ሽፋኑ የማይከፈት ሰሊጥ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ዓመታት ድካም ዘሩን በቀላሉ የማያረግፍ ዝርያ ተገኝቶ በአሜሪካ ሰሊጥ በኮምባይነር ይታጨዳል። መፍትሔው የተጀመረው መኪናውን ሳይሆን ተክሉን ጎንበስ ብሎ ካየ ሰው ነው።

«ታዲያ ውድድር ይቅር ማለታችሁ ነው?» ለሚሉም፣ አይደለም እንላለን። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ፈርስት ግሎባል የተባለው ውድድር ከ150 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ወጣቶችን በዋሽንግተን ሰብስቦ ነበር። የአፍጋኒስታን ሴት ተማሪዎች ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክለው በመጨረሻ ሲፈቀድላቸው ዓለም ሁሉ ያየላቸው ጉዞው ራሱ ትምህርት ስለ ሆነ ነው። የዚያ ዓመት ጨዋታ የውሃ ነገር ነበር፤ ሰማያዊ ኳስ ንጹሕ ውሃ፣ ብርቱካናማ ኳስ የተበከለ ውሃ ሆኖ ሮቦቶቹ ይለዩ ነበር። መልካም ጨዋታ ነው። እኛ የምንለው ግን ኳሱን የሚለይ ተማሪ ጀሪካኑን የሚሸከመውንም ሰው አንድ ቀን ይይ ነው።

ይህም አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 ጎንደር ላይ የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የጽዳት ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ሕዝቡ ባለበት ያሠለጥን ነበር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወርደው ያስተምሩ ነበር። አባቶቻችን አንድ ዓመት ከሰጡ እኛ ሁለት ቀን ያቅተናልን?

ስለዚህ ለሚመጣው ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቡድኑ ለማን እንደሚሠራና ያን ሰው የት አግኝቶ እንዳነጋገረው በአንድ ገጽ ጽፎ ሳያቀርብ ለዕቃ መግዣ ገንዘብ አይሰጠው።

ሁለተኛ፣ ከሁለቱ የጉብኝት ቀኖች አንዱ ወደ ንድፉ መጀመሪያ ይዛወርና ለእርሻ፣ ለወርክሾፕ፣ ለጤና ጣቢያ ይሁን። ሩቁ መንገድ የማይኬድበት ሲሆን ቅርቡ ይታይ።

ሦስተኛ፣ ወደ ቆላው መውረድ እስኪቻል ድረስ ቆላው በመካከላችን መኖሩን እንወቅ። ከመተማና ከቋራ የመጡ ተማሪዎች ከእኛ ጋር በአንድ መኝታ ቤት ይተኛሉ፤ ሰሊጥ አጭደው ያደጉ ናቸው። በየትኛውም ክፍል ቢማሩ ከቡድኑ ሁለት ቦታ ይሰጣቸው። የግብርናና የነርስ ተማሪዎችም እንዲሁ።

አራተኛ፣ ጋሪው ይለቅ። ወጪው ከአንድ ሰው የጉብኝት አበል አይበልጥም።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። በሬውን ግን ሠርዶው ካለበት ሳይወስዱ በከተማ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ቢያሽከረክሩት ምን ይጠቅማል? መምህራኖቻችን በዚህ ላይ ምክራቸውን እንዲለግሱን፣ የተለየ ሐሳብ ያለውም ተማሪ በሚቀጥለው ዕትም እንዲመልስልን በአክብሮት እንጠይቃለን። እኛ በበኩላችን የእኒያን ሽማግሌ ጥያቄ በወርክሾፑ በር ላይ ጽፈን ለጥፈነዋል፤ «መስመሩን ማን ያሰምርላታል?» ይላል።