ጠጠሩና የቅዳሜ ጠዋት መንገዳችን

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ልጆች፣ ስለ ገንዘብና ስለ ባልና ሚስት ንግግር ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን ሽንት ነው። በጉባኤ መካከል አይነሣም፤ በጸሎት ርዕስ ላይ እንኳ «ለጤንነቴ ጸልዩልኝ» ተብሎ ተሸፋፍኖ ያልፋል። ስለዚህ ገጹን ሳትገልጡት፣ ቢቻል ባልና ሚስት አብራችሁ አንብቡት።

ጅጅጋ የምንኖር ጥቂት ባለትዳሮች ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከከተማው ወጥተን ወደ ካራማራ ግርጌ በእግራችን የመሄድ ልማድ አለን። ካራማራ በታሪክ የሚታወቀው በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል ነው። ለእኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በሥራ የተራራቅን ባልና ሚስቶች ጎን ለጎን የምንሄድበት ስፍራ ነው። ኳስ ይዞ የሚመጣ አለ። አንድ ወንድማችን ደግሞ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወፍ ይፈልጋል። በጅጅጋ ዙሪያ ባለው የሣር ሜዳ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ እንደምትገኝ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሊበን ሜዳ ካለችው ወፍ ጋር አንድ ዝርያ መሆኗም እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት እንደ ተረጋገጠ የነገረን እሱ ነው። እስካሁን አላሳየንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእንዲህ ያለ ጉዞ ስመለስ ሽንቴ ሥጋ የታጠበበት ውሃ መስሎ አየሁት። ሕመም አልነበረውም። በማግሥቱ ጠራ፤ እኔም «ፀሐይ መትቶኝ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገመኝ፤ አሁንም ዝም አልኩ። በሁለተኛው ወር ግን ከተራራው ስንመለስ አንድ ነገር ግራ ጎኔን ወጋኝና ወደ ብሽሽቴ ወረደ። ብቀመጥ አልሆነ፣ ብተኛ አልሆነ፣ ብቆም አልሆነ። መንገድ ዳር አስመለሰኝ። ጓደኞቼ ባጃጅ ውስጥ አስገብተው ለሕክምና አደረሱኝ። በምርመራው የታየው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የኩላሊት ጠጠር ነበር፤ የስንዴ ፍሬ ያህል እንኳ አይረዝምም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በራሱ ወጣ።

የባለቤቴ ጥያቄ ግን አልወጣም። «ሁለት ወር ሙሉ ደም እያየህ አጠገቤ ትተኛ ነበር?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ወንድሞቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ቀረሁ። ሕመሙን ያመጣብኝ መንገዱ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ጥቂት ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ሄደች፤ ኋላ እሷም ተወችው። ሁለታችንም ቤት ተቀምጠን በማይረባ ነገር መነታረክ ጀመርን። ይህን የምጽፍላችሁ እንደ እኔ መንገዱን ወንጅለው ኳሱንም፣ ሩጫውንም፣ በባቢሌና በጅጅጋ መካከል ወዳሉት ወደ ዳካታ ድንጋዮች መውጣቱንም እርግፍ አድርገው የተዉ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

ጠጠር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሻይ ቤት ገብቶ መቀመጥ ይበቃል። በትንሽ ሻይ ላይ ብዙ ስኳር ጨምራችሁ ብታማስሉ፣ የሚሟሟው ይሟሟና የተረፈው ከብርጭቆው ሥር ይቀመጣል። ሽንትም እንዲሁ ነው። በውስጡ ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድና ሌሎችም አሉ፤ ውሃው ሲያንስ ይጠጥራሉ። ከጠጠሮች ሁሉ የሚበዛው የካልሲየም ኦክሳሌት ነው። መንገድ መሄድ ጠጠር አይሠራም፤ ላብ የወሰደው ውሃ ሳይተካ መቅረቱ ነው የሚሠራው። የእኔም ጉዞ ከቀድሞ የነበረውን ጠጠር ገለጠው እንጂ አልወለደውም። እንዲያውም ሰው ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ሲውል አጥንቱ ካልሲየም ይለቅቃል፤ ያ ካልሲየም የሚወጣው በሽንት ነው። ወደ ጠፈር የሚላኩ ሰዎች እንኳ ክብደት በሌለበት ስፍራ አጥንታቸው ስለሚሳሳ ለኩላሊት ጠጠር ይጋለጣሉ።

አሁን ወደ አገራችን ነፋስ ልመልሳችሁ። ሺኒሌ ወይም ኤረር የወረደ ሰው ሙቀቱ ራሱ ውሃ ያስጠጣዋል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፤ ሳይወድ በግዱ ይጠጣል። ጅጅጋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ነፋሻማ ከተማ ናት። ነፋሱ ላባችንን ገና ሳናየው ያደርቀዋል። ከጉዞ ስትመለሱ ግንባራችሁን ዳስሱት፤ ጨው እንደ አሸዋ ይሻክራል። ውሃው የት ሄደ? ጅላል በሚባለው ደረቅ ወቅት ደግሞ ይብሳል፤ ጠዋቱ ስለሚቀዘቅዝ ማንም ውሃ አያምረውም። በጅጅጋ «አልጠማኝም» የሚል ሰው አይታመን።

ታዲያ ምን ያህል እንጠጣ? ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ሽንት እንዲሸና ይመከራል፤ የሚጠጣው እንግዲህ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ በጣሊያን የተደረገ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች በሁለት ከፍሎ አምስት ዓመት ተከታትሏል። ውሃ አብዝተው እንዲጠጡ ከተደረጉት ከመቶ 12ቱን ብቻ ጠጠር መልሶ ሲይዛቸው፣ እንደ ልማዳቸው ከኖሩት ግን ከመቶ 27ቱን ይዟቸዋል። ልዩነቱን ያመጣው ውሃ ብቻ ነው።

አንድ የዕረፍት ቀን መርጣችሁ ባለ ሁለት ሊትር ባዶ ሃይላንድ አዘጋጁና የቀን ሽንታችሁን ለኩ። በላዩ ላይ በትልቁ ጻፉበት፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ስለካ አንድ ሊትር እንኳ አልሞላም ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ለመውጣት የምዘጋጀው ዓርብ ማታ ነው። ከእራት ጋር ሁለት ብርጭቆ፣ ሌሊት ስነቃ አንድ ብርጭቆ፣ ከመውጣቴ አንድ ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር እጠጣለሁ። በመንገድ ላይ ጥቂት ጥቂት እጎነጫለሁ። ስመለስ ሽንቴን አያለሁ፤ ፈዘዝ ያለ ገለባ ከመሰለ መልካም፤ ቀይ ሻይ ከመሰለ ዕዳ አለብኝ ማለት ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ድክመት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙ የወሰነለትን መጠን ይጠብቅ። ረጅም ርቀት የሚሮጥም ሰው በአንድ ጊዜ ሊትር በሊትር ላይ አይገልብጥ፤ በደም ያለውን ጨው ከመጠን በላይ አቅጥኖ አደጋ ያመጣል።

«የእኛ አገር ውሃ ራሱ ድንጋይ አለበት» የሚሉ አሉ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት እያሳዩ። ማንቆርቆሪያ ይፈላል፤ ኩላሊት አይፈላም። እንዲህ ያለው ውሃ ጠጠር ስለማምጣቱ ጥናቶች አልተስማሙም፤ በዚህ ፍርሃት ውሃ መቀነስ ግን በእርግጥ ይጎዳል። በሀርቲሼክ በኩል ያላችሁ፣ ውሃ ከብርካና ከቦቴ የምትጠብቁ ወገኖች ግን ይቅርታ አድርጉልኝ። ጀሪካን በገንዘብ በሚገዛበት ቤት «ሦስት ሊትር ጠጡ» ማለት ለጸሐፊ ቀላል ነው። ከልብስ ማጠቢያው በፊት የታማሚው መጠጥ ተለይቶ ይቀመጥ ከማለት ሌላ ምክር የለኝም፤ የብርካ ውሃ ከሆነም ይፈላ።

ምግብን በሚመለከት አንድ ስሕተት ደጋግሜ ስላየሁ እሱን ላንሣ። ጠጠሩ የካልሲየም ነው ሲባሉ ብዙዎች ወተት ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ የጣሊያን ጥናት በሽንታቸው ብዙ ካልሲየም የሚወጣ 120 ወንዶችን አምስት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ካልሲየም ከቀነሱት ከመቶ 38ቱን ጠጠር ሲመልስባቸው፣ ካልሲየሙን በመጠኑ እየወሰዱ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት ግን የመለሰባቸው ከመቶ 20ዎቹ ላይ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣዋል፤ ወተት ከሌለ ኦክሳሌቱ ወደ ኩላሊት ያልፋል። ጥቁር ሻይ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና የባቢሌ ለውዝ ኦክሳሌት አላቸው። እኔ ለውዙን አልተውኩም፤ እፍኝ ሙሉ በመንገድ ላይ መቆርጠሙን ትቼ ጥቂቱን ከወተት ጋር እበላለሁ። የሱማሌ ጎረቤቶቻችን ሻይን በግመል ወተት ማፍላታቸው እንግዲህ ለጠጠር ታማሚም ይስማማል፤ ስኳሩን ብቻ ቀንሱ። ሎሚ በውሃ መልካም ነው። ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ግን ውሃን አይተካም።

አንድ ወንድም ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቢራ ጠጠር ያወርዳል ይባላል፤ ለመድኃኒት ከሆነስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሽንት የሚያበዛው ውስጡ ያለው ውሃ ነው፤ ያንኑ ውሃ ከቧንቧ ታገኘዋለህ አልኩት። ትንሽ ያዘነ መሰለኝ።

ከዚህ የሚከብደው ጾም ነው። በየአጥቢያው የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ሲታወጅ፣ እንደ አስቴር ያለ ምግብና ያለ ውሃ የሚጾሙ አሉ። ጠጠር ያለበት ሰው ሦስት ቀን ውሃ ሳይጠጣ ቢቆይ፣ በተለይ በጅላል፣ ሕመሙን በገዛ እጁ ይጠራል። ዳንኤልና ጓደኞቹ አሥር ቀን አትክልትና ውሃ ይዘው መቆየታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ታማሚን ከጾም ያሳርፋሉ። እኔ አሁን የምጾመው ውሃ እየጠጣሁ ነው፤ ይህንንም አስቀድሜ ለመጋቢያችን ነግሬያለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። በጾም ሰዓት ብርጭቆ ይዤ ስታዩኝ በልባችሁ አትፍረዱ። እናንተም መሪዎች ጾም ስታውጁ «ታማሚ ውሃ ይጠጣ» የምትለዋን አንዲት ቃል ጨምሩ፤ ብዙ ሰው ያንን ለመጠየቅ አይደፍርም።

እኅቶችስ? ሴቶች በጉዞ ቀን ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም። ወደ ቶጎ ውጫሌም ሆነ ወደ ዳካታ ሲሄዱ መጸዳጃ እንደማያገኙ ስለሚያውቁ ከማለዳ ጀምረው ጉሮሯቸውን ያደርቃሉ። ባለቤቴ ይህን የነገረችኝ በተጋባን በስንት ዓመታችን ነው! ባሎች፣ የማረፊያ ቦታ መምረጥና መኪና ማስቆም የእናንተ ሥራ ይሁን። ሚስት «አቁሙልኝ» እስክትል አትጠብቁ፤ ሰው በተሞላበት መኪና አትልም።

ሕክምናውን በአጭሩ ልንገራችሁ። 5 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ በራሱ የመውጣት ዕድሉ ጠባብ ነው። ትልቁን ከውጭ በሞገድ መሰባበር፣ ወይም በቀጭን መሣሪያ ገብቶ ማውጣት ይቻላል። የሚወጣውን ጠጠር በሻይ ማጥለያ ያዙና ለሐኪም አሳዩት፤ ዓይነቱ ከታወቀ መከላከያውም ይታወቃል። ዲክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሣል፤ ነገር ግን ውሃ ባጣ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና «እንዳያመኝ» ብላችሁ ከጉዞ በፊት በራሳችሁ አትዋጡት። የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ሽንት ጨርሶ ካቆመ፣ ማስመለስ ውሃ ካስከለከለ፣ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ጅጅጋ ላይ ካራማራ ሆስፒታልና የሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉ፤ በሺኒሌ በኩል ላላችሁ ድሬዳዋ ትቀርባለች። ከመንገድ ሲመለስ ደም ያየ ሰውም፣ ባያመው እንኳ፣ በዚያው ሳምንት ይመርመር። በዚያው ማታም ለትዳር ጓደኛው ይንገር።

እኛ ወደ ቅዳሜው መንገዳችን ከተመለስን ቆየን። ሁለት ሃይላንድ ውሃ እንይዛለን፤ አንዱን የምትሸከመው ባለቤቴ ናት፣ እኔ መጠጣቴን እንዳልረሳ ማስታወሱንም ለራሷ ወስዳዋለች። ተመልሰን ከጓደኞቻችን ጋር ቁርስ ስንቀመጥ ዞር ብላ «ገለባ?» ትለኛለች። «ገለባ» እላታለሁ። ሌሎቹ ስለ እርሻ የምንነጋገር ይመስላቸዋል።