ሁለት ሳምንት ያልሠራ መድኃኒት ሌላ ምርመራ ይጠይቃል

በኤችአይቪ ምክንያት የበሽታ መከላከል አቅማቸው ክፉኛ የተዳከመ ሕሙማን ከሚጋለጡባቸው ካንሰሮች አንዱ የአንጎል ሊምፎማ ሲሆን፣ ይህም ሊምፎሳይት ከተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ተነሥቶ በአንጎል ውስጥ የሚያድግ ካንሰር ነው። በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ ዕድሜ ልክ አድፍጦ የሚኖረው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ፣ የሚገታው ኃይል ሲጠፋ የተሸሸገባቸውን ሕዋሳት ያለ ገደብ እንዲባዙ ያደርጋል፤ በሽታው በአብዛኛው የሚከሰተውም ሲዲ ፎር የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ50 በታች ሲወርድ ነው።

ራስ ምታት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ጎን መዛልና የአእምሮ መደናገር የዚህ ካንሰር ምልክቶች ቢሆኑም፣ ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለው በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ የአንጎል በሽታም እነዚሁኑ ያሳያል፤ ሁለቱ በሲቲ ስካን ምስል ላይም ይመሳሰላሉ። በብዛት የሚያጋጥመውና በመድኃኒት የሚድነው ቶክሶፕላዝሞሲስ በመሆኑ፣ ሐኪሞች አስቀድመው የእርሱን ሕክምና ጀምረው ለሁለት ሳምንት ያህል ለውጡን መከታተላቸው ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው ለውጥ ሳይታይ ሲቀር ነው፤ የአከርካሪ ፈሳሽን ለኤፕስታይን ባር ቫይረስ መመርመርና ከዕጢው ናሙና መውሰድ በኢትዮጵያ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች ስለማይገኙ፣ ሕመምተኛው በማይረዳው መድኃኒት ላይ ይቆያል። እብጠት ለመቀነስ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ሊምፎማውን ለጊዜው ስለሚያሟሽሸው፣ ሕመምተኛው የዳነ ሊመስል፣ የናሙናውም ውጤት ሊያሳስት ይችላል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም፣ ይህን ካንሰር የሞት ፍርድ አድርጎ መቀበል ስህተት ነው የሚል ነው፤ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን በከፍተኛ መጠን ከሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ከተባለ የካንሰር መድኃኒት ጋር ያገኙ ሕሙማን ለዓመታት የመኖር ዕድል አግኝተዋልና። ከሁሉ የሚቀድመው ግን መከላከል ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የመከላከል አቅምን ስለሚመልስ፣ ሰዎች በጊዜ እንዲመረመሩና ሕክምናቸውን እንዳያቋርጡ ማድረግ የመጀመሪያው ተግባር ነው። ሕክምና ለሚጀምሩና አቋርጠው ለሚመለሱ ሁሉም የሲዲ ፎር ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል። ምልክቱ ለታየባቸው ደግሞ ጤና ሚኒስቴር፣ በሁለት ሳምንት ሕክምና ያልተሻለው ሕመምተኛ የናሙና ምርመራና የካንሰር ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሳይዘገይ የሚላክበትን ግልጽ ሥርዓት ሊዘረጋ፣ የሜቶትሬክሴትንም አቅርቦት ሊያረጋግጥ ይገባል።